የድምያጥ ዘመቻ (1218–1221)፦ በክረምት ውኃ የተሸነፈ ጦር

የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ስለ መስቀል ጦርነቶች ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሱት ኢየሩሳሌም በአውሮፓውያኑ የተያዘችበት 1099 እና ሳላዲን መልሶ የወሰዳት 1187 ናቸው። በግብፅ ወደብ በድምያጥ ላይ የተደረገው አምስተኛው የመስቀል ጦርነት ብዙም አይወራለትም። ለማጥናት ግን ከሁለቱም ይሻላል። ማን ምን እንደ ወሰነ፣ መቼ እንደ ወሰነና ማን እንደ ተቃወመ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። በጦሩ ሰፈር የነበረ ጀርመናዊ ካህን ያየውን ጽፏል፤ የዐረብና የግብፅ ክርስቲያን ጸሐፊዎችም የየራሳቸውን ትተዋል። ታሪኩን ከሁለቱም ወገን ማንበብ ይቻላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሌላም ምክንያት አለ። ይህን ጦር የዋጠው ውኃ በጎጃም፣ በወሎና በጎንደር ተራሮች ላይ የዘነበ የክረምት ዝናብ ነው። ዘመኑም ቅዱስ ላሊበላ ከነገሠበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።

ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቀኖቹ በጊዜው በነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለሆኑ ወደ እኛ ወር የተመለሱትም በዚያው ተሰልተው ነው።

መነሻው

ኢየሩሳሌም ከተወሰደች በኋላ የመጣው ሦስተኛው ዘመቻ (1189–1192) የፍልስጥኤምን ወደብ አካንና የባሕሩን ጠረፍ አስመለሰ እንጂ ቅድስቲቱን ከተማ አላገኘም። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓውያኑ አዛዦች ዘንድ አንድ ሐሳብ ጸና፦ የኢየሩሳሌም ቁልፍ ያለው ግብፅ ነው። እህሉ፣ ግብሩና ወታደሩ የሚመጣው ከዚያ ነበር። ሐሳቡ በራሱ ትክክል ነው፤ የሳላዲን ቤት ኃይል ምንጭ ግብፅ ነበረች።

የሮማው ጳጳስ ሣልሳዊ ኢኖሰንት ዘመቻውን በ1213 አወጀ። ጦሩ በግንቦት 1218 መጨረሻ ድምያጥ ፊት ለፊት፣ ከዓባይ ምዕራባዊ ዳር ሰፈረ። ወደ ካይሮ የሚወስደውን የወንዙን ምሥራቃዊ ቅርንጫፍ የምትዘጋው ድምያጥ ነበረች።

በሙስሊሞቹ በኩል ሱልጣኑ የሳላዲን ወንድም አል-ዓዲል ነበር። ልጆቹ ግዛቱን ተካፍለው ያስተዳድሩ ነበር፦ አል-ካሚል ግብፅን፣ አል-ሙዐዘም ደማስቆን፣ አል-አሽራፍ የላይኛውን ኤፍራጥስ አገር። አል-ዓዲል በነሐሴ 1218 መጨረሻ ሲሞት የግብፅ ሸክም በሙሉ በአል-ካሚል ትከሻ ላይ ወደቀ።

በመስቀል ጦረኞቹ በኩል ሁሉም የሚታዘዝለት አንድ አዛዥ አልነበረም። የኢየሩሳሌም ንጉሥ የሚባለው የብሪየኑ ዣን መቀመጫው አካ ነበር። ከመስከረም 1218 ጀምሮ የጳጳሱ እንደራሴ ካርዲናል ፔላጊየስ መጣ፤ ከአውሮፓ የሚላከው ገንዘብ በእጁ ስለሚያልፍ ቃሉ ከንጉሡ ቃል ይልቅ እየከበደ ሄደ። የቴምፕላር፣ የሆስፒታለርና የቴውቶን ማኅበራት፣ ማለትም የምንኩስና ስእለት የገቡ ተዋጊዎች ማኅበራት፣ የየራሳቸው አለቃ ነበራቸው። የጣሊያን ከተሞች መርከበኞች ደግሞ ለንግድ ወደብ ይጓጉ ነበር። በዚህ ላይ ጦሩ ራሱ ይቀያየር ነበር፦ በጸደይና በመጸው መርከብ በመጣ ቁጥር ስእለቱን የፈጸመው ወደ አገሩ ይመለሳል፣ አዲሱ ይገባል። ዛሬ የተማረውን የሚያስታውስ ሰው በስድስት ወር ውስጥ በሰፈሩ ላይገኝ ይችላል።

ግንቡና ከበባው

የመጀመሪያው ችግር የምሕንድስና ነበር። በወንዙ መካከል፣ ወደ ምዕራቡ ዳር ቀረብ ብሎ፣ አንድ ግንብ ቆሟል። ከግንቡ እስከ ከተማዋ ቅጥር የተዘረጉ የብረት ሰንሰለቶች መርከብ እንዳያልፍ ይከለክላሉ። በመሰላልም በድንጋይ መወርወሪያም ተሞከረ፤ አልተሳካም። በየብስ የቆመ መሣሪያ ውኃ መካከል ያለ ግንብ ላይ አቅም ያጣል፤ በአንድ መርከብ ላይ የተተከለ መሰላል ደግሞ መርከቡ ሲናወጥ ይሰበራል።

መፍትሔውን ያመጣው ያው ታሪኩን የጻፈው ካህን፣ የፓደርቦርኑ ኦሊቨር ነው። ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን በምሰሶና በገመድ ተጠፍረው እንደ አንድ ሆኑ። አራት ተራዳዎች ተተከሉ፤ በላያቸው የተጠላለፈ እንጨት ያለው ትንሽ ምሽግ ተሠራ። ከሥሩ በገመድና በመዘውር የሚወርድ፣ ከመርከቡ አፍንጫ 30 ክንድ ያህል አልፎ የሚዘረጋ መሰላል ተንጠለጠለ። ከግንቡ የሚወረወረው እሳት እንዳያቃጥለው ጎኑና ጣሪያው በቆዳ ተሸፈነ። ኦገስት 24 ቀን 1218 ወደ ግንቡ ተጠጋ። መሰላሉ አንድ ጊዜ በእሳት ቢያያዝም ጠፋ፤ በማግሥቱ ግንቡ እጁን ሰጠ።

ጥሩ ሥራ ነው። መርከቦቹን ማጣመሩ መናወጡን ቀነሰ፣ ቆዳው እሳቱን መለሰ፣ መሰላሉም ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ከታች ሊገፈትሩት አልቻሉም። ይህ ጦር የሚያየውን ችግር መፍታት ይችል ነበር።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ አል-ካሚል ወንዙ ውስጥ መርከቦች አሰጠመ። ጦረኞቹም የተደፈነ አሮጌ ቦይ ጠርገው ዙሪያውን አለፉ። በኖቬምበር 1218 መጨረሻ ለሦስት ቀን የጣለ ዝናብና የባሕር ማዕበል ሰፈሩን አጥለቀለቀ፤ ዓሣ ከድንኳን ውስጥ ተገኘ። ቀጥሎ ድድን የሚያበሰብስ፣ እግርን የሚያጠቁር በሽታ ገባ፤ ዛሬ ከአትክልትና ፍራፍሬ እጦት የሚመጣው ስከርቪ ነው የሚባለው። ኦሊቨር ከሠራዊቱ ስድስት እጅ አንዱ እንዳለቀ ይገምታል። በፌብሩዋሪ 1219 በአል-ካሚል ሰፈር የአሚሮች ሴራ ተገልጦ ሱልጣኑ በሌሊት ሲሸሽ ጦረኞቹ ያለ ውጊያ ወንዙን ተሻግረው ከተማዋን ከበቡ። የአሲሲው ቅዱስ ፍራንሲስ ወደ ሱልጣኑ ዘንድ ተሻግሮ የሰበከውና በክብር የተሸኘው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው።

ድምያጥ ኖቬምበር 5 ቀን 1219 ተያዘች። ቅጥሩን ሲወጡ ተከላካይ አላገኙም ማለት ይቻላል፤ ሕዝቡ በረኀብና በበሽታ አልቆ ነበር። አስከሬን በየቤቱና በየመንገዱ ወድቆ እንደ ነበር የራሳቸው ጸሐፊዎች መስክረዋል። በዚህ ጥናት የወታደሮች ስሕተት ስለሚበዛ የከተማዋ ነዋሪ የከፈለው ዋጋ ሊረሳ አይገባም።

ያልተቀበሉት ስምምነት

ከተማዋ ከመያዟ በፊት፣ በ1219፣ አል-ካሚል የሰላም ሐሳብ አቀረበ። ጦሩ ግብፅን ለቆ ቢወጣ ኢየሩሳሌምንና የቀድሞውን የላቲኖች (የአውሮፓውያኑን) መንግሥት አገር አብዛኛውን እንደሚመልስ ቃል ገባ። ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉትን የከራክንና የሸውበክን ምሽጎች ግን አይሰጥም፤ በምትካቸው በየዓመቱ ግብር ይከፍላል። በዚያ ዓመት ዓባይ በቅጡ ስላልሞላ ግብፅ ረኀብን ትፈራ ነበር፤ ሱልጣኑ የቸኮለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ንጉሥ ዣን እንቀበል አለ። ፔላጊየስ፣ የቴምፕላርና የሆስፒታለር አለቆችና ጣሊያኖቹ እንቢ አሉ።

ብዙ ጸሐፊዎች እንቢታውን የካርዲናሉ ግትርነት ብቻ አድርገው ያቀርቡታል። ይህ አይበቃም። አል-ሙዐዘም በማርች 1219 የኢየሩሳሌምን ቅጥር አስፈርሶ ነበር። ከራክና ሸውበክም ከግብፅ ወደ ደማስቆ የሚወስደውን መንገድ የሚጠብቁ ናቸው፤ በእነዚህ ምሽጎች ያለ ጦር ቅጥር የሌላትን ኢየሩሳሌም በፈለገ ጊዜ መልሶ ይወስዳታል። ማኅበራቱ የሚጠብቁት እነሱ ስለሆኑ ከተማዋን ማቆየት እንደማይቻል አስልተው ተናገሩ። ስሌታቸው ልክ ነበር።

የጎደለው ቀጣዩ እርምጃ ነው። እንቢ ያሉት ወገኖች በእንቢታው ተስማሙ እንጂ በምትኩ ምን እንደሚፈልጉ አልተስማሙም። ካርዲናሉ ግብፅን በሙሉ፣ ጣሊያኖቹ ወደቧን፣ ማኅበራቱ ምሽጎቹን ይፈልጉ ነበር። ንጉሡ ድምያጥ እንደተያዘች የእኔ ናት ብሎ በስሟ ገንዘብ አስቀረጸ፤ ከካርዲናሉ ጋር ተጣልቶም በ1220 ወደ አካ ሄደ።

ሃያ ወር መቀመጥ

ከኖቬምበር 1219 እስከ ጁላይ 1221 ዋናው ጦር ከድምያጥ አልተነሣም። ይጠበቅ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ ነው፤ በ1215 ስእለት ገብቶ በየዓመቱ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። በሜይ 1221 በስሙ የባቫሪያው መስፍን ሉድቪግ ከጦር ጋር ደረሰ።

አል-ካሚል ይህን ጊዜ ሠራበት። ከድምያጥ በስተ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዓባይ ወደ መንዛላ ሐይቅ የሚፈሰው ባሕር አል-ሰጊር የተባለው ቦይ በሚነሣበት ቦታ፣ መንሱራን መሠረተ። ቤት፣ ገበያ፣ ቅጥርና የመርከብ ማቆሚያ ሠራ። ለወንድሞቹ ደብዳቤ እየላከ ለመናቸው። መርከቦቹም በ1220 ወደ ቆጵሮስ ዘልቀው የጦረኞቹን መርከቦች አቃጠሉ።

በድምያጥ በኩል ደግሞ ትንቢት ይነበብ ነበር። በዐረብኛ የተጻፈ የትንቢት መጽሐፍ ተተርጉሞ ለሠራዊቱ ተሰበከ፤ ከምሥራቅ አንድ ክርስቲያን ንጉሥ፣ ከደቡብ ደግሞ የኑብያ ንጉሥ ለርዳታ እንደሚመጡ ታመነ። በ1221 «ንጉሥ ዳዊት» የሚባል ክርስቲያን ድል አድራጊ ፋርስን እየረገጠ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ድል አድራጊው በእውነት ነበረ፤ ጄንጊስ ካን ነው፣ ክርስቲያንም አልነበረም።

ለግብፅ ክርስቲያኖች እነዚህ ዓመታት ከባድ ነበሩ። ከፍራንኮቹ (ከአውሮፓውያኑ) ጋር ያብራሉ ተብለው ተጠረጠሩ፣ ተጨማሪ ግብር ተጣለባቸው። የእስክንድርያ መንበርም በራሳቸው የሹመት ክርክር ከ1216 እስከ 1235 ፓትርያርክ አልነበረውም፤ ጳጳስ ከዚያ ለሚመጣላት ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የወንዙ ቀን መቁጠሪያ

ወደ ጥፋቱ ከመግባታችን በፊት ውኃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ይወርዳል፤ በክረምት ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። የአስዋን ትልቁ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ወንዙ ካይሮ ላይ መነሣት የሚጀምረው በሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ በፍጥነት ያድጋል፣ በመስከረም ጫፉን ይደርሳል፣ በኅዳር መሬቱ ተመልሶ ይደርቃል።

በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት በ861 የተሠራ የውኃ መለኪያ ዓምድ አለ። የውኃው ከፍታ በክንድና በጣት እየተለካ ለሕዝብ ይነገር ነበር። 16 ክንድ ሲሞላ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይባላል፤ ግብርም በዚያ ይተመናል። ገበሬው እርሻውን በዐፈር ካብ ከፋፍሎ ይጠብቃል፤ ውኃው ሲደርስ ካቡን ከፍቶ ሜዳውን ያጠጣል፣ ደለሉ ሲሰፍር ያጠነፍፋል። እንግዲህ ሱልጣኑ በኋላ የሠራው አዲስ የጦር ስልት አልነበረም፤ ግብፃዊ ገበሬ በየዓመቱ የሚያደርገውን በጠላት ላይ አደረገው። ጦረኞቹ የሰፈሩት ውኃ እንዲጠጣ የተዘጋጀ እርሻ ላይ ነበር።

ጉዞው

ጦሩ ጁላይ 17 ቀን 1221 ተንቀሳቀሰ፤ በእኛ ሐምሌ 23 ነው፣ ክረምቱ የከበደበት። የራሳቸው ጸሐፊ 630 መርከብ፣ 5,000 ፈረሰኛ፣ 4,000 ቀስተኛና 40,000 እግረኛ ይቆጥራል፤ የእግረኛው ቁጥር የተጋነነ ይመስላል። ንጉሥ ዣን ተመልሶ ነበር፤ ጉዞውን ተቃወመ፣ ሰሚ ግን አላገኘም።

መንገዱ በስተ ቀኝ ዓባይ፣ በስተ ግራ መንዛላ ሐይቅ ያለበት መሬት ነው፤ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ሁለቱን ባሕር አል-ሰጊር ያገናኛቸዋል። ማለትም ሦስት ጎኑ ውኃ የሆነ ከረጢት ነው፤ መውጫው የመጡበት አፍ ብቻ ነው። ሻራምሳሕ ከተባለው ቦታ ሲደርሱ ንጉሡ እዚህ እንቁም አለ፤ ቀላል ድል ያየው ሠራዊት አጉረመረመ፣ ካርዲናሉም ቀጥሉ አለ። ጁላይ 24 (ሐምሌ 30) ከመንሱራ ፊት ለፊት ቦዩ ዳር ሰፈሩ።

በመንገዳቸው ከምዕራብ ወደ ወንዙ የሚገባ የመሐላ ቦይ አልፈው ነበር። ውኃው ጥቂት ስለነበር መርከብ አያሳልፍም ብለው ጠባቂ ሳይተዉ ሄዱ። በሐምሌ የታየ ቦይ በነሐሴ ሌላ ነው። ውኃው ሲሞላ የአል-ካሚል መርከቦች በዚያው ቦይ ዞረው ከጦረኞቹ በስተ ኋላ ወደ ወንዙ ገቡ፤ ከድምያጥ የሚመጣው ስንቅ ተቆረጠ። ደማስቆና ኤፍራጥስ ያሉት ወንድሞች ጦራቸውን ይዘው ደርሰው ነበር፤ እነሱም በየብስ በኩል ከድምያጥ ለዩአቸው። ይህ ጦር እየመጣ መሆኑን ከቆጵሮስ ንግሥትና ከማኅበራቱ የተጻፉ ደብዳቤዎች አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር።

ማፈግፈጉ

ስንቁ ሲቆጠር የቀረው ለ20 ቀን ያህል ነበር። ገሚሱ እስኪረዱን እንቆይ አለ፣ ገሚሱ እንመለስ አለ፤ ክርክሩ ራሱ ቀን በላ። ኦገስት 26 ሌሊት፣ በእኛ ጳጉሜን 3፣ ለመውጣት ተወሰነ።

በምሥጢር መውጣት የሚቻልበትን ዕድል በሁለት ነገር አበላሹት። መሸከም ያልቻሉትን ወይን ጠጅ ለጠላት ከመተው ብለው ጠጡት፤ ብዙ ወታደር ሰክሮ ቀረ። ሌሎች ድንኳናቸውን አቃጠሉ፤ እሳቱ መነሣታቸውን ለመንሱራ አበሠረ። አል-ካሚል በምሥራቁ ዳር ያሉትን የውኃ መዝጊያዎች አስከፈተ። ሜዳው በሌሊት ሐይቅ ሆነ፣ ማለፊያው ጠባቡ ካብ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ፈረስ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ ሰልፍ መያዝ አልተቻለም። የካርዲናሉ መርከብ በጎርፉ ተገፍታ የጠላትን መርከቦች አልፋ ወረደች፤ መድኃኒቱና ብዙው ስንቅ በእሷ ላይ ነበር።

ኦገስት 28 ፔላጊየስ ዕርቅ ጠየቀ፤ በ30ኛው ቀን፣ በእኛ መስከረም 2 ቀን 1214 ዓ.ም.፣ ውሉ ተደረገ። ድምያጥ ትመለሳለች፣ እስረኞች ይለቀቃሉ፣ ለስምንት ዓመት ውጊያ አይኖርም። ካርዲናሉና ንጉሡ በመያዣነት ሲገቡ ሱልጣኑም ልጁን ሰጠ። ከወንድሞቹ ወገን ጦሩን እንፍጀው የሚል ሐሳብ ነበር። አል-ካሚል አልተቀበለም፤ ድምያጥ ገና በጠላት እጅ ናት፣ ከፍሬድሪክ የተላኩ መርከቦችም እየደረሱ ነበር። ለተራቡት ጠላቶቹ ዳቦ ላከ። ኦሊቨር በኋላ ለሱልጣኑ በጻፈው ደብዳቤ ይህን ደግነት አመስግኗል። ድምያጥ ሴፕቴምበር 8 ተመለሰች።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

በጦረኞቹ በኩል የሠራው ምሕንድስናው ነው፦ የተጣመሩት መርከቦችና የቦዩ ጠረጋ። በአል-ካሚል በኩል የሠራው ጊዜን መግዛቱ ነው። የሰላም ሐሳቡ ባይያዝም ተቃዋሚዎቹን ከፋፈለ፤ መንሱራን ለመሥራትና ወንድሞቹን ለመጠበቅ ሃያ ወር አገኘ። የሱልጣኑም ነገር ሁሉ አልተሳካም፤ ድምያጥን ለማዳን በ1218 እና በ1219 ያደረጋቸው ማጥቃቶች ከሽፈዋል፣ በሴራም ዙፋኑን ሊያጣ ደርሶ ነበር።

ያልሠራው የጦረኞቹ የውሳኔ አካሄድ ነው። ንጉሡ የውጊያ ልምድ እንጂ ገንዘብ የለውም፤ ካርዲናሉ ገንዘብ እንጂ የውጊያ ልምድ የለውም፤ ሁለቱ ሲጣሉ የሚፈርደው ንጉሠ ነገሥት በሲሲሊ ነው።

ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገሩ ነጥቦች

አንድ ዕቅድ መልካም ወይም መጥፎ የሚሆነው ከቀኑ ጋር ነው። ወደ ካይሮ መገስገስ በዲሴምበር 1219 ቢደረግ መሬቱ ደርቆ፣ መንሱራ ገና ሳትጠነክር፣ ወንድሞቹም ሳይደርሱ ነበር። በሐምሌ 1221 ያው ጉዞ ራስን ማጥፋት ሆነ። ሃያ ወር የጠበቀ ጦር ሦስት ወር ቢጨምር ውኃው ይወርድለት ነበር። ያስቸኮላቸው አዲስ የመጣው ጦር ስእለቱን ጨርሶ እንዳይመለስ የነበራቸው ስጋት ነው፤ የሰው የጊዜ ገደብ ከወንዙ የጊዜ ገደብ ጋር ሲጋጭ ወንዙን የሚያስታውስ አልተገኘም። ግብፃውያን እስረኞች፣ የኮፕት ነጋዴዎች፣ ሦስት ሙላት ያዩ ነባር ወታደሮች በአጠገባቸው ነበሩ፤ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ለስምምነት እንቢ የሚል ወገን በዚያው ቀን የራሱን ዋጋ ቆርጦ ማስቀመጥ አለበት። ቅጥሯ የፈረሰ ኢየሩሳሌም አትበቃም ከተባለ ከራክና ሸውበክ ይጨመሩ ብሎ መደራደር ይቻል ነበር። ያ አልሆነም፣ ድምያጥም ለምን እንደተያዘች ሳይታወቅ ተመለሰች። በ1229 ፍሬድሪክ ከዚያው ከአል-ካሚል ጋር ተደራድሮ ኢየሩሳሌምን ያለ ውጊያ ለአሥር ዓመት ተቀበለ፤ ማኅበራቱ የፈሩት ደርሶ በ1244 ለመጨረሻ ጊዜ ከእጃቸው ወጣች።

የስንቅ መንገድ የሚጠበቀው ዛሬ በሚታይበት መልክ ሳይሆን በከፋው ወሩ በሚይዘው መልክ ታስቦ ነው። የመሐላ ቦይ ትምህርት ይህ ነው፤ የተማረውም በከፊል ብቻ ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ዘጠነኛው ሉዊ በጁን 1249 ድምያጥን ያዘ፤ የ1221ን ጥፋት ያውቅ ስለነበር ሙላቱ እስኪወርድ ጠብቆ በኖቬምበር 20 ተነሣ። የቀን መቁጠሪያውን ስሕተት አረመ፣ የስንቅ መንገዱን ስሕተት ግን ደገመው። በመንሱራ ፊት ለፊት በዚያው ቦይ ዳር ሰፍሮ ሳለ ግብፃውያኑ ጀልባዎችን በግመል ጭነው ከሰፈሩ በታች ወንዙ ላይ አወረዱ፤ ከድምያጥ የሚመጣውን ስንቅ በየመርከቡ ማረኩ። ረኀብና በሽታ የፈታው ጦር በኤፕሪል 1250 ወደ ኋላ ሲመለስ ንጉሡ ራሱ ተያዘ። ለነፍሱ ድምያጥን፣ ለሠራዊቱ አንድ ሚሊዮን ቤዛንት (የወርቅ ገንዘብ) ተጠየቀ፤ ቤዛው በኋላ ወደ 800,000 ተቀነሰለት።